ሲያንኳኩት የማይጮኸው ምድጃ

ሀጀር ጎሮ ሰፈር ውስጥ የከሰል ምድጃ ሸክላ ትሠራለች። ጎረቤቷ ስለሆንኩ ግትርነቷን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ወሎ ሳለች እናቷ ያስተማሯት አንድ ነገር ነበር፤ ሸክላ በጣት ሲያንኳኩት ከጮኸ ደህና ነው፣ ድብ ካለ ግን ተሰንጥቋልና አይረባም። ገዢውም ሳያንኳኳ አይገዛም።

ችግሩ፣ እንደ ደወል የሚጮኹት ምድጃዎቿ ክረምት ሲገባ መፈንዳት ጀመሩ። የጋለው ሸክላ ላይ ዝናብ ጠብ ሲል ጧ! ምድጃዎቿን የሚገዟት ድንች ጠባሾች ስብርባሪውን ይዘው እየመጡ ወረዱባት። ወንድሟ አብዱራሕማን ደግሞ የምትሠራባትን የቆርቆሮ ቤት ለመኪናው ማቆሚያ ፈልጓታል። "አሁን የምትሠሪውም ካልተሸጠልሽ ቤቷን ትለቂያለሽ" አላት። እሺ አለችው። በጣም ተናደድኩባት።

ሲጨንቃት፣ ምናልባት አይፈነዳ ይሆናል ብላ ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ አምጥታ ከጭቃው ጋር አቦካች። ሸክላው ሲተኮስ ሰጋቱራው ተቃጥሎ ጥቃቅን ቀዳዳ ይተዋል፤ በቀዳዳዎቹ ዙሪያም ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይፈጠራል። ከእሳት አውጥታ አንኳኳችው። ድብ። ሌላውም ድብ። "አለቀልኝ!" ብላ ልትከሰክሳቸው ስትል እጇን ያዝኳት።

አንዱን ይዘን ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ሥር ድንች ወደምትጠብሰው ራሕማ ሄድን። አንኳኳችና ፊቷን አጨማደደች።

"ሀጀርዬ፣ ይሄ እኮ የተሰነጠቀ ነው።"

"እስኪ አንድጂበት። ለእኔ ስትዪ።"

ከሰሉ ፍም ሲሆን ዝናቡ መጣ። ከላይ የተወጠረው ሸራ ያቆረውን ውሃ በሙሉ ምድጃው ላይ ዘረገፈው። ቿ አለ፤ እንፋሎቱ ዋጠን። ሀጀር ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። እኔም ጧ የሚለውን ድምፅ ጠበቅሁ። እንፋሎቱ ሲገፈፍ ምድጃው ድፍን ነበር። ራሕማ ዙሪያውን ዳበሰችው፤ ምንም አልሆነም።

በኋላ ነው የገባን። በድንገት የቀዘቀዘ ሸክላ ይኮማተራል። ደረቁና ጠጣሩ መላወሻ ስለሌለው ይፈነዳል። ይኼኛው ግን በጥቃቅን ስንጥቆቹ ትንሽ ይለጠጣል፤ ስንጥቁ ልሩጥ ቢልም ቀዳዳ ሲያገኝ እዚያው ይቆማል። የእናቷ ምክር ለእንስራ ልክ ነው፣ ለምድጃ ግን አልሠራም።

ራሕማ "ለጓደኞቼም አምጪላቸው" ስትላት ሀጀር እየሳቀች አለቀሰች። እኔም እፎይ አልኩ።

ማምሻውን አብዱራሕማን መኪናውን ይዞ መጣ። ሀጀር የቆርቆሮ ቤቷ በር ላይ ቆመች።

"ውጭ አቁማት ወንድሜ" አለችው። "እሷ ዝናብ ቢመታት አትፈነዳም።"