የጾም ዱቄት

ሰውዬውን ገና ከጅምሩ ጠላሁት ብል ውሸት ይሆናል። ወድጄው ነበር፤ የሚያበግነኝም ይሄው ነው። አትላንታ በመጣሁ ሰሞን ሯጭ መሆኔን ሰምቶ «አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ድሮ እሱም ሮጧል አሉ። የት እንደሮጠና ስንተኛ እንደወጣ ሲጠየቅ ግን መልሱ በየጊዜው ይለያያል። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንለው። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ብራይርክሊፍ መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች የአንዱ ፓርኪንግ ውስጥ ቫኑን ፓርክ ያደርግና የኋላ በሩን ይከፍታል። ውስጡ ሱቅ ነው። ቫይታሚን፣ የብረት ክኒን፣ የጉልበት ቅባት፣ በፕላስቲክ ጣሳ የታሸገ ፕሮቲን፣ የሌለው ነገር የለም። ለሯጩም፣ ለኳስ ተጫዋቹም፣ ጂም ለሚገባውም ይሸጣል። አሰልጣኙም ሐኪሙም እሱ ነው። ድንቄም ሐኪም!

ያኔ ስቶን ማውንቴን በሚባለው ሰፈር ከአንዲት ሯጭ ጓደኛዬ ጋር አፓርታማ ተጋርቼ ነበር የምኖረው። ጠዋት አብረን እንሮጣለን። ከዚያ እሷ ሕፃናት ማቆያ ትሠራለች፣ እኔ ዴሊቨሪ እነዳለሁ። ዕድሜዬ ሠላሳዎቹን አጋምሷል። ሰው ሁሉ «ገና ልጅ ነሽ» ይለኛል፤ ጉልበቴ ግን ጠዋት ጠዋት ሌላ ነገር ይነግረኛል። በዚያ ዓመት ማናጀሬ አንድ ቃል ገባልኝ። ከፋሲካ በፊት እዚሁ ከተማ የሚደረገውን ግማሽ ማራቶን በጥሩ ሰዓት ከጨረስኩ፣ ከመስቀል በኋላ ካሉት ትልልቅ ማራቶኖች በአንዱ ከኤሊቶቹ፣ ከዋናዎቹ ሯጮች ጋር ያስገባኛል። ይህ ካለፈኝ ሌላ ጠሪ እንደማይኖረኝ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሮጥኩት ሁሉ እዚያች አንዲት መነሻ መስመር ላይ ለመቆም ነበር ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ያ ግማሽ ማራቶን ዐቢይ ጾም ላይ ወደቀ። እኔ ደግሞ ጾም አልሽርም። ማናጀሬ ፈረንጅ ነው፤ «ሁለት ወር ሙሉ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለም» ስለው «ታዲያ በምን ልትሮጪ ነው?» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ትልቅ ጣሳ ፕሮቲን በፖስታ ላከልኝ። ላዩ ላይ በቤተ ሙከራ ተመርምሮ ማለፉን የሚያሳይ ምልክት አለበት። «ይህ ምልክት የሌለበትን ነገር እንዳትነኪ» አለኝ፤ «ሰውነትሽ ውስጥ ለሚገኘው ነገር ሁሉ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።» ጣሳውን አገላብጬ ሳነበው ወተት ነው። ፍሪጁ ላይ ሰቀልኩትና እስከ ፋሲካ ረሳሁት።

ጾሙ ሲጋመስ ደሜ አነሰ። የአፓርታማውን ደረጃ ስወጣ ያዞረኝ ጀመር። ልምምድ ላይ ጓደኛዬ ጥላኝ ትሄድና ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። እሁድ ስትደርስ በቀጥታ ወደ ቫኑ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የጾም ነገር የለህም?»

«ለእናንተ ብዬ አይደል ያስመጣሁት!» ብሎ አረንጓዴ ጣሳ አወጣ። «ከአተር ነው። ሌላው ሥራ ሥር ነው፣ ኃይል ይሰጥሻል።»

«እርግጠኛ ነህ? ጾም ነው?»

«ጾም ነው ስልሽ! እኔስ ክርስቲያን አይደለሁም እንዴ?»

ቤት ስንገባ እኔና ጓደኛዬ ጣሳውን ጠረጴዛ ላይ አቁመን ምርመራ ጀመርን። በምርመራ ማን ይችለናል! በስልካችን እያንዳንዱን ቃል ሰርች አደረግን። ወተት? የለበትም። እንቁላል? የለበትም። ጌላቲን ከከብት አጥንት እንደሚሠራ እናውቃለንና እሱንም ፈለግን፤ የለበትም። አንድ ስሙ የማይነበብ ቅመም ግን ከእንስሳ ስብም ከተክልም ሊሠራ ይችላል የሚል ነገር አገኘንና ልባችን ቆመ። በመጨረሻ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ።

«ልጄ፣ ሥጋ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም አባ።»

«ወተትስ አለበት?»

«የለበትም አባ።»

«እንግዲያስ ምን አስጨነቀሽ? ጠጪ። ብቻ ከቅዳሴ በፊት እንዳይሆን።»

እሳቸውስ ምን ያድርጉ፣ የተጠየቁትን መለሱ። ስለዚያ ዱቄት ያልጠየቅነው ነገር አልነበረም። ያ የምርመራ ምልክት አለበት ወይ ብሎ የጠየቀ ግን ከሁላችንም አንድ ሰው ጠፋ። ጾም ከሆነ ንጹሕ ነው ብለን ነዋ! እንዲህ ያለውን ጥፋት ከእኛ በቀር ማንም አያጠፋም።

ግማሽ ማራቶኑን ሮጥኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። ሦስተኛ ወጣሁ፣ ሰዓቴም ማናጀሬ ከጠበቀው የፈጠነ ሆነ። ጋሼ ከአጥሩ ማዶ እንደ እብድ እየዘለለ «የኔ ልጅ! የኔ ልጅ!» ይላል። ወዲያው አንዲት መታወቂያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት መጣችና ከጎኔ አልለይ አለች። ሽንት ቤት ድረስ ገብታ፣ ልብሴን እስከ ደረቴ አስገልባ፣ ለአበረታች ምርመራ የሽንት ናሙና ስሰጥ ዓይኗን ሳትነቅል ቆማ አየችኝ። እኔም ሳቅኩ። ምን አለብኝ ብዬ!

ከፋሲካ በኋላ ኢሜይል መጣ። ናሙናዬ ውስጥ የተከለከለ አበረታች ተገኝቷል፣ ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ ታግደሻል ይላል። ስሙን አላውቀውም፣ መጥራትም አልቻልኩም። ማናጀሬ ደውሎ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ምን ወሰድሽ?» ብሎ ነው፤ «ወሰድሽ እንዴ?» እንኳን አላለኝም። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም። ጠበቃ አገናኘኝና ጠበቃው አንድ መንገድ ብቻ ነገረኝ። የከፈትኩት ጣሳ አይጠቅምም፤ ራሷ ጨምራበት ይሆናል ይላሉ። ያልተከፈተ፣ የምርት ቁጥሩ አንድ ዓይነት የሆነ ጣሳ ተገኝቶ ያ ነገር ውስጡ ከተገኘ፣ ሳላውቅ እንደወሰድኩት ይቆጠርልኛል፤ እገዳው በጣም ያጥራል፣ ምናልባትም ለማራቶኑ እደርሳለሁ። ያልተከፈተው ጣሳ ያለው ደግሞ ማን ጋ ነው?

በእሁዱ ቫኑ ጋ ስደርስ በሩ ተዘግቷል። መስኮቱን አንኳኳሁ። ነገሩን ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ወዲያው ግን ተቆጣ።

«ጾም ነው ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ ጾም ነው አልኩሽ። ዋሸሁ? ወተት አገኙበት?»

ደሜ ፈላ። «እኔ ወተት ጠጣሁ ብለው አይደለም ያገዱኝ! አንድ ያልተከፈተ ጣሳ ስጠኝ፣ ሌላ ካንተ ምንም አልፈልግም።»

«አልቋል» አለኝና ሞተሩን አስነሳ። እግሬን ሊረግጠኝ ምንም አልቀረውም።

ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላከብኝ! ሦስት የተከበሩ አባቶች አመሻሹ ላይ ቤታችን ድረስ መጡ። እሱ ከኋላቸው ድንጋይ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ገባ። ድንጋዩን ያነሳው ከአፓርታማችን አበባ መደብ ላይ ነው፤ ነጭ ማስጌጫ ድንጋይ! ወለሉ ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእሱ ግን ከልብም ሳይሆን እንደ ቧንቧ ይፈስሳል። ሽማግሌዎቹ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ፣ የአገርሽን ልጅ ለፈረንጅ አሳልፈሽ አትስጪ። የልጆች አባት ነው።»

«ስሙን አልሰጥም» አልኳቸው። «እርስዎም ይወቁልኝ፣ አባቴ፣ ያልተከፈተ አንድ ጣሳ ይስጠኝና ከየት እንዳመጣሁት አልናገርም። ዕድሜዬ እየሄደ ነው።»

ሰውዬው ቀና ብሎ «ማርያምን! የቀረውን በሙሉ አውጥቼ ጣልኩት። አንድም የለኝም» አለ።

ትልቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው «ሰው ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?» አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ እኔን ያያል። ጓደኛዬ እንኳን በክርኗ ትነካካኛለች። ያ ሁሉ ሽበት ቆሞ እየለመነኝ፣ በማርያም የማለ ሰው እግሬ ሥር ወድቆ፣ ምን ልበል? ድንጋዩን ከትከሻው አንስቼ ይቅር ብያለሁ አልኩ። መረቁን፣ አስታረቁን፣ እርቁን ያፈረሰ እንዲህ ይሁን እንዲያ ይሁን ተባለ። ስሙን ለማንም አልሰጠሁም። ማስረጃ ስላልነበረኝ የሁለት ዓመት እገዳ ተፈረደብኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ሕዝቡ ደግሞ ጨዋነቴን አመሰገነ። በጨዋነት ማራቶን አይሮጥ!

በዚያው ክረምት ፍልሰታ ገባ። የእመቤታችንን ጾም ወጣቱ ሁሉ ይወደዋል። ኬኔሶ ዩኒቨርሲቲ በስኮላርሺፕ የምትሮጥ አንዲት ልጅ አለች፤ ቤተ ክርስቲያን በዓይን እንተዋወቃለን። ከቅዳሴ ስንወጣ ቦርሳዋ ውስጥ አረንጓዴ ጣሳ አየሁ። ክዳኑ አልተከፈተም።

«ይህን ከየት አገኘሽ?» አልኳት።

«ከጋሼ። ለፍልሰታ አመጣልን። ጾም ነው፣ ቼክ አድርጌዋለሁ።»

ጣሳውን አንስቼ ሥሩን አየሁ። የምርት ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ራሱ ነው። ጣልኩት ያለው! በማርያም የማለው! «አትጠጪው። እኔ በዚህ ነው የታገድኩት» አልኳት።

ልጅቷ ግራ ገባት። «ላይክ፣ ሶሪ፣ ግን… አንቺ መርፌ አይደል የተወጋሽው? ጋሼ ነው የነገረን። እምቢ ብላት ራሷ ተወጋች ብሎ።»

እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ ጎማ ማስቆሚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዱቄቱን መሸጡ አይደለም ያቃጠለኝ። ስሙን ከአፌ አውጥቼ ለማንም ያልሰጠሁበት ሰው፣ የኔን ስም በየሳምንቱ ከቫኑ ጀርባ ቸርችሮታል። ለልጅቷ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጣሳውን ሁለት እጇን ዘርግታ ሰጠችኝ። ውድድሯ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። አቅፋኝ አለቀሰች፤ የሷስ እንባ የእውነት ነበር።

በማግስቱ ጣሳውን ለጠበቃው አስረከብኩ፤ ስሙንም፣ ቫኑንም፣ ፓርኪንጉንም ሳልደብቅ ተናገርኩ። ቤተ ሙከራው ያ ክፉ ነገር ውስጡ መኖሩን አረጋገጠ፣ እገዳዬም አጠረ። ማራቶኑ ግን ያለ እኔ ተሮጠ። ሶፋ ላይ ሆኜ አየሁት፣ ከመጀመሪያዋ ሴት እስከ መጨረሻዋ። ማናጀሬ ከዚያ ወዲህ ደውሎ አያውቅም።

ሰውዬውን መርማሪዎች እንደጠሩት የተሰማ ዕለት ትልቁ ሽማግሌ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ተቆጥቷል።

«ልጄ፣ በእኛ ፊት ይቅር ብለሽ አልነበረም? እርቅ ይፈርሳል?»

«ይቅር ያልኩት ዱቄቱን ለጣለው ሰውዬ ነው፣ አባቴ» አልኳቸው። «እሱን ሰውዬ የትም ፈልገው ካገኙት ያምጡልኝ፣ አሁንም እግሩን እስማለሁ።»