እምቢ ያለው አልቦ

ባለፈው ቅዳሜ ጅጋ ገበያ ቅቤ ልገዛ ጎንበስ ብዬ፣ እንደ ልማዴ አውራ ጣቴን ጫን አድርጌ አነሣሁት። ጣቴ ያረፈበት ጎድጉዶ ቀረ። ሻጯ "ንጹሕ ነው አባቴ፣ ያሸትቱት" ትለኛለች፤ እኔ ግን ዓይኔን ከዚያ ጉድጓድ መንቀል አቃተኝ። የለጋ ቅቤ ሽታ፣ የእርጥብ ኮባ ቅጠል፣ የረፋድ ፀሐይ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ሳልገዛ ሄድኩ። ለምን እንደ ሆነ ልንገርህ።

በነገሩ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። አባቴ፣ ከአፉ የወጣ ቃል የማያጥፍ ገበሬ። እናቴ፣ በልጆቿ ጥጋብ የምትኮራ። ታላቅ እህቴ፣ እታለም የምላት፣ ለጥር የታጨች። አማቷ ሊሆን የነበረው ሰውዬ፣ ከወንዝ ማዶ፣ ምላሱ የሚቆርጥ። የፍኖተ ሰላሙ ሐኪም። እኔ ደግሞ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ከትምህርት መልስ የሰፈሩን የእጅ ፓምፕ እየፈታሁ የምገጥም።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። በእኛ ሰፈር ለሠርግ የታጨች ልጅ ከሥራ ትገለላለች። ፀሐይ አይንካት፣ ቅቤ ትጠጣ፣ ይባላል። እታለምም ቤት ዋለች። ጥቅምት ሳያልቅ ፊቷ ሞላ፣ እግሯ ደልደል አለ። ያያት ሁሉ "እንዴት አምሮባታል!" ይላል፤ እናቴ ያን ስትሰማ ቅቤውን ትጨምራለች።

እኔ ግን ፈርቼ ነበር። ጓሮ ደርሳ ስትመለስ የበሩን መቃን ይዛ ስታለከልክ አያታለሁ። ጋደም ማለት ትታ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ነበር የምታሸልበው። ብጠይቃት "ዝም በል አንተ፣ ሙሽራ ታመመች ሊሉኝ ነው?" አለችኝ።

ኅዳር ላይ ከወንዝ ማዶ ሴቶች የብር አልቦ ይዘው መጡ። የሙሽራው አክስት ተንበርክካ እታለም እግር ላይ ልታጠልቀው ሞከረች። አልቦው ቁርጭምጭሚቷ ላይ ደርሶ እምቢ አለ። ገፋችው፤ እምቢ አለ።

"ኧረ እናንተ ሰዎች! ልጅ ነው ወይስ ወይፈን ነው ስትቀልቡ የከረማችሁት?" አለች አክስትየዋ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እልልታው ቀለጠ። እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "አንጥረኛው ያሰፋዋል" ብለው አልቦውን ትተውልን ሄዱ። እታለም አልሳቀችም። አልቦው የተጫናት ቦታ ጎድጉዶ ቀርቷል። እኔም ጣቴን ጫን አድርጌ አነሣሁ፤ የጣቴም ጉድጓድ አልሞላ አለ።

"ያምሻል?"

"አያምም። የሌላ ሰው እግር ነው የሚመስለኝ።"

ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት። "ደግሞ ወፈረች ተብሎ ሐኪም ቤት ይኬዳል?" ብሎ ተቆጣ።

"አባባ፣ ጣትዎን ጫን አድርገው ይዩት" አልኩ።

ተጫነው። ብዙ ጊዜ ቆሞ አየው። በማግሥቱ ጠዋት ለሠርጉ ስትቀለብ የከረመችውን በቅሎ ራሱ ጭኖ እታለምን አስቀመጣትና፣ እናቴም እኔም ተከትለን ፍኖተ ሰላም ሄድን።

ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠ። ዓይኔን ከእጁ አልነቅል ብል ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝና በመጀመሪያ የራሴን ልብ አሰማኝ። ዱብ ዳብ፣ ዱብ ዳብ፤ በደንብ የሚገጥም በር ሲዘጋ እንደማለት። ቀጥሎ የእሷን። ዱብ ካለ በኋላ ሽሽሽ የሚል ነገር አለበት፤ የሆነ ቦታ የሚያፈስ ውኃ።

ሐኪሙ ጡጫውን እየከፈተና እየጨበጠ ነገረን። "ልብ ይህችን የምታህል ጡንቻ ናት። ስትላላ ደም ይሞላታል። ስትጨማደድ ትገፋዋለች፤ በቀኝ በኩል ወደ ሳንባ፣ በግራ በኩል ወደ መላ አካል። የገፋችው እንዳይመለስ በሮች አሏት። የልጅዎ የግራው በር ጠባሳ ይዞ አልገጥም ብሏል። ልቧ በገፋች ቁጥር ከፊሉ ወደ ሳንባዋ ይመለሳል። ትንፋሽ የሚያጥራት ለዚህ ነው። ሲቆይ ደግሞ ውኃው እግሯ ላይ ይተኛል።"

"ጎማዋ አልቃለች ማለት ነው" አልኩ ሳላስበው። የፓምፓችን የታችኛዋ ጎማ ስታልቅ እጀታውን እስኪሰበር ብትነቀንቀው ውኃው ወደ ጉድጓዱ እየተመለሰ እንደሚያደክምህ አውቃለሁ። "አይቀየርም?"

ሐኪሙ አልሳቀብኝም። "በእኛ አቅም አይቀየርም። የእግሯን ውኃ የሚቀንስ ክኒን አለ። በየወሩ ደግሞ መርፌ ትወጋለች፤ እንዳይብስባት።" ወደ እናቴ ዞረ። "በልጅነቷ ጉሮሮዋን ያማት ነበር?"

"ሁልጊዜ! እንጥሏን አስቆርጠናት ነው የተሻላት" አለች እናቴ፣ በኩራት። ሐኪሙ ሕመሙ ከጉሮሮ አልፎ ልብን እንደሚነካ፣ እንጥል መቁረጥ እንደማያቆመው ቀስ አድርጎ ሲነግራት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አባቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። "ሠርጉስ ጌታው?"

"ማግባቱ አይደለም የሚያሰጋኝ፤ መውለዱ ነው። ይህች ልብ ምጥ አትችልም።"

አባቴ ለሰው ሳይነግር ሠርጉን ደግሶ ልጁን መሸኘት ይችል ነበር፤ ብዙ አባት እንዲያ ያደርጋል፣ ልጅ ትሞታለች፣ ዕጣዋ ነው ይባላል። ቃሉን ቢያፈርስ ደግሞ በአገሩ ቀና ብሎ አይሄድም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አልቦውን በመሐረብ ጠቅልሎ ወንዝ ተሻገረ፤ እኔም ተከተልኩት።

አማቷ ሊሆን የነበረው ሰውዬ በሰው ፊት "የታመመች ጊደር ልታስታቅፈኝ ኖሯል!" አለው።

"ሳልነግርህ ብቀር ነበር የምትሰድበኝ" አለ አባቴ። ዓይኑን አልሰበረም። አልቦውን መደቡ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ የሠርጉ በቅሎ በየወሩ እታለምን ይዛ ጅጋ ለመርፌ ትወርድ ጀመር። የምስባት እኔ ነበርኩ። መንገደኛ ሲያልፍ እታለም "እልል በሉ እንጂ፣ ሙሽራ አይታችሁ አታውቁም?" ትላለች፤ ሳቋ መሐል ላይ ትንፋሽ ፍለጋ ይቆማል። በዚያ ቆይታ የእኔም ትንፋሽ አብሮ ይቆም ነበር። ጥቂት ዓመት እንዲህ ሄድን። በአንድ ሐምሌ፣ ዝናብ ሲያባራ፣ ግድግዳውን እንደ ተደገፈች ዐረፈች።

ዛሬ ትንሿ ልጄ "አባባ፣ ጉሮሮ እኮ ነው፣ ያልፋል" ስትለኝ "ተነሽ፣ ሐኪም ቤት" ነው የምላት። ክፉ አባት ትበለኝ። የልጁን ጉሮሮ ንቆ የሚተኛ አባት ከክፉም ይብሳል።

ያ አልቦ ሁላችንንም ያስከፈለን ይኸው ነው። አባቴ ወንዝ ማዶ የነበረውን ክብሩን አጣ፤ መልሶም አልፈለገውም። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ለማንም ልጅ "አምሮብሻል" ብላ አታውቅም። እኔ ትምህርቴን ትቼ በቅሎ ስስብ ኖርኩ፤ ያወቅኩትን ሁሉ ኋላ በራሴ ነው የለቀምኩት። ለእታለም ግን ምን ብዬ ልደምርላት? ክኒኑን በጀመረች በሰሞኑ እግሯ ሟሸሸ፤ አጥንቱ ወጣ፣ የድሮው ቀጭን እግሯ ተመለሰ። ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ዘርግታ አየችውና ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ።

"አየኸው? አሁን በገባልኝ ነበር።"