እናቴና የባሕሩ ኮረንቲ

«ኮረንቲ ያለበት ባሕር ላይ ልጄን አልልክም!» ብላ እናቴ በሩ ላይ ተገትራ ቆመች።

ዛሬ ታላቅ ወንድሜ፣ ወንድም ጋሼ፣ በወጣትነቱ መርከብ ላይ የተነሳውን ፎቶ ቴክስት ቢያደርግልኝ ያ ቀን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ!

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ነው፤ አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ዋይትሆል ከተማ፣ አፓርታማችን ውስጥ። እኔ ሃይስኩል ነኝ፣ እሱ ዩኒቨርሲቲ። ባሕር በሌለበት ኦሃዮ ተቀምጦ የሚያጠናው ስለ ባሕር ነው፣ ጉድ እኮ ነው!

«እማዬ፣ የባሕር ከረንት ልንለካ በመርከብ ልንሄድ ነው» ሲላት፣ እሷ የሰማችው ኤሌክትሪኩን ነው።

«ኧረ እሱ አይደለም! ባሕር ውስጥ የሚሄድ ወንዝ ማለት ነው» አላት። «ሳተላይቱ ከሰማይ ሆኖ የባሕሩን ፊት ያያል። ሆዱን ለማወቅ ግን ከመርከብ ላይ መሣሪያ ማውረድ አለብን።»

እኔ ምንጣፉ ላይ እንደተጋደምኩ፣ ዳር የሌለው ወንዝ በባሕር ውስጥ ቀስ እያለ ሲሄድ፣ ከላይ ደግሞ ኮከብ የምታክል ነገር ዝም ብላ ስትከተለው ታየኝ። አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል።

እናቴ ትንሽ አሰበችና፣ «እንደ ሰው ነዋ! ፊቱን ሁሉም ያያል፣ ሆዱን ማን ያውቃል» አለች። ከበሩም ዞር አለችለት።

«በል ሂድ። ግን አደራህን፣ እጅህን ውኃው ውስጥ እንዳትነክር!»

እናንተስ ቤት የትኛው የእንግሊዝኛ ቃል ነው እናት ያስደነገጠው? ጻፉልኝማ፣ አብረን እንሳቅ።