ኮርቻውን ለእመይቴ ለመልቀቅ

የወጣነው በመስቀል ማግስት ነው፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ። ከበታቻችን ካለው መንደር ጭስ ተነሣ። የወጥ ቤት ጭስ እንዳልሆነ ሁላችንም አወቅን፤ የሸፈተ ሰው ቤት እየተቃጠለ ነው፣ ቀጥሎ የኛ ነው። ባሌ ከሸፈቱት አንዱ ነበር። በጣልያን ጥይት ወድቆ፣ ጓደኞቹ አምጥተው ከደብራችን ከቀበሩት አርባ ቀን እንኳ አልሞላም ነበር።

በቤቱ የነበርነው እኔ፣ የሰባት ዓመቷ ልጄ አስካለ፣ ጡት ያልጣለው ሕፃንና አማቴ ነን። አማቴን እመይቴ ነው የምላቸው። እግራቸው ከተያዘ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አገልጋዮቹ ያነሧቸዋል፣ አገልጋዮቹ ያስቀምጧቸዋል፤ እኔ «ቀስ አድርጋችሁ» እያልኩ አዝዝ ነበር። ያን ዕለት ግን አገልጋዮቹ ጭሱን አይተው ከኛ ቀድመው ሄደዋል።

እናንተ ከሮብ ገበያ በላይ የቀራችሁ የአገሬ ሰዎች ያን ጊዜ ምን እመስል እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ወፍራም ነበርኩ። ውፍረት በኛ አገር የጎተራ ምስክር ነው። ባሌም ይኮራበት ነበር፤ እመይቴም ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ያወጡልኝ ስም «ሙላቷ» ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ስወጣ ሦስት ጊዜ አርፋለሁ፤ ሰውም ወይዘሮ ናት ብሎ ይጠብቀኛል እንጂ ትንፋሿ አጠረ አይልም። እኔም አላልኩም።

በቅሏችን አንዲት ነበረች። ጎረቤታችን አያ ተገኘ ጭኖ አመጣትና ልጓሟን እንደያዘ «ማንን ላውጣ?» አለ። እመይቴ ደጃፉ ላይ ከቁርበታቸው ተቀምጠው እጃቸውን ዘርግተው ነበር። እኔ እግሬን ከርካቡ አስገባሁ።

እንዲህ ነው የሆነው። ማንም አልገፋኝም፣ ማንም አልመከረኝም። እመይቴ የዘረጉትን እጅ መለስ አድርገው፣ ነጠላቸውን ሊያስተካክሉ ያነሡት ይመስል፣ ጫፉን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት።

«በሳምንቴ መጥቼ እወስድዎታለሁ» አልኳቸው።

«እግዜር ይከተልሽ» አሉኝ።

አያ ተገኘ በጀርባው አዝሎ ገደሉ ሥር ወዳለው ቤቱ ወሰዳቸው፤ የሱ ቤት ከመንገድ አይታይም። አስካለ በእግሯ ሄደች። እኔ ሕፃኑን አዝዬ በበቅሎ ሄድኩ።

ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ከከተማው መግቢያ ጸሐፊ ተቀምጦ የሚገባውን ሰው ይመዘግባል። ስሜን፣ የልጆቼን ቁጥር ጻፈና ቀና ብሎ አይቶኝ አንድ ቃል ጨመረ። ምን እንደሆነ ብጠይቀው «ግራሳ» አለኝ፤ በጣልያንኛ ወፍራም ማለት ነው። እኔ እንኳን ክብር መስሎኝ ነበር።

ከተማው ለኛ ለደገኞች ይሞቃል። ውሃው እንደ ጮቄ ምንጭ ጥርስ አያደነዝዝም፤ ለብ ያለ ነው፣ ጠጥታችሁት የጠጣችሁ አይመስላችሁም። የገብስ እንጀራ ስትጠይቁ ይስቁባችኋል። ጋሌታ የሚሉት የጣልያን ደረቅ ብስኩት አለ፤ አስካለ መጀመሪያ ቀን ስትነክሰው «እማዬ፣ ይሄ ለበር ሳንቃ ነው ለመብል?» አለችኝ። ሰውም ቢሆን ሰላምታው አጭር ነው። እኛ የከብቱን ደኅንነት ሳንጠይቅ አናልፍም፤ እዚህ ከብቱን ስጠይቃቸው ልሰርቃቸው የመጣሁ ይመስላቸዋል።

ያረፍነው ጠላ ከምትሸጥ ሴት ዘንድ ነው፣ እትዬ ማንጠግቦሽ ትባላለች። እናቷ የአልጋ ቁራኛ ናቸው። እሳቸውን ካነሣሁ፣ ካጠብኩ፣ ካበላሁ፣ የጓዳ ክፍሏን ልትሰጠኝ ተስማማን። ስለዚህ የሰው እናት ሳነሣ እውል ጀመር። የመጀመሪያ ቀን ሳነሣቸው ሁለታችንም አልጋው ላይ ወደቅን። አሮጊቷ «ልጄ፣ አንቺንስ ማን ያንሣሽ?» አሉኝ።

ሳምንቱ አለፈ። በቅሎዋን ይዤ ልሂድ ብል መንገዱ የቀን መንገድ ነው፤ በበቅሎ ብወጣ እመይቴን አስቀምጬ በእግሬ መመለስ አለብኝ። ሰው ልላክ ብል ወደ ሸፈቱት አገር ሄዶ የሽፍታ እናት የሚያመጣ አልተገኘም። አንድ ቀን እስቲ ልሞክር ብዬ ከቤት እስከ ወንዙ ሄጄ ስመለስ ከመንገድ ዳር ተቀመጥኩ፤ ቀትር እስኪሆን አልተነሣሁም። ያን ጊዜ ነው የቆረጥኩት። ኮርቻውን ለእመይቴ ለመልቀቅ መክሳት አለብኝ።

ነገሩን በቁጣ ጀመርኩት። በየቀኑ እስከ ማታ እህል አልቀምስ ብዬ ጾምኩ፣ ማታም ቂጣ ብቻ። ሕፃኑ ወተት አጣ፣ አስካለን በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ። በአሥረኛው ቀን እንስራ አዝዬ ስመጣ ዓይኔ ጨለመና ወደቅኩ፤ እንስራውም ተሰበረ። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ያዝኑልኛል ብዬ ነበር።

«ለማን ነው የጾምሽው?» አሉኝ።

«ለመክሳት ነው መምሬ።»

«ጾም ለነፍስ ነው እንጂ ለመቀነት አይደለም። የምታጠቢ እናት ነሽ፣ ማን ፈቀደልሽ? በይ ሂጂ፣ ብዪ። መክሳት ካለብሽ ግን ዓመቱን ሙሉ የማትተዪውን ትንሽ ነገር ያዢ። ትልቁን ነገርማ ሁሉም ይጀምረዋል።»

ትንሹ ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ቀን ወሰደብኝ። አንድ ቀን ራሴን ሳስተውል ለካ ቁጭ ብዬ አልበላም። ሰው የሚያበላ ሰው ቆሞ ይለቃቅማል። አስካለ የተወችውን ቁራሽ እበላለሁ፣ ከሕፃኑ የተረፈውን ገንፎ እልሳለሁ፣ አሮጊቷ ያልጨረሱትን «ነውር ነው መጣል» ብዬ እጨርሳለሁ፤ ወጡን አምስት ጊዜ እቀምሳለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ሁሉም ሲተኛ «ዛሬ እህል አልቀመስኩም» ብዬ ለራሴ እያዘንኩ አዲስ ገበታ እቀርባለሁ። አገሬ ሳለሁም እንዲሁ ነበርኩ፤ ልዩነቱ የዚያኛው ቅቤ መብዛቱ ነው።

ስለዚህ የራሴን ድርሻ በአንዲት የሸክላ ጣባ ለይቼ፣ ከልጆቹ በፊት፣ ቁጭ ብዬ መብላት ጀመርኩ። እናት ከልጇ ቀድማ ስትበላ ማየት ምን ያህል እንደሚያስነውር ታውቃላችሁ፤ በሩን እዘጋ ነበር። ትራፊውን ለእትዬ ማንጠግቦሽ ዶሮዎች ሰጠሁ። ጠላውን ተውኩ። ከቅርቡ ምንጭ ትቼ ከሩቁ መቅዳት ያዝኩ፣ ሕፃኑን ከኋላ አዝዬ እንስራውን በጎኔ። ማኅበር ወይም ተዝካር ሲገጥመኝ እንደ ሰው በላሁ፤ በማግስቱ ወደ ጣባዬ ተመለስኩ። ዋናው መመለሱ ነው። እንደኔ ልጅም በሽተኛም የያዛችሁ ሴቶች፣ ሌላ ጊዜ የለንምና፣ የሚሆነው ይኸው ነው።

እትዬ ማንጠግቦሽ ግን ተቆጣች። «ወፍራም ተከራይ ለቤቴ ሞገስ ነበረች» አለችኝ። «አሁን ሰው ምን ይላል? ማንጠግቦሽ እያስራበች ታሠራታለች ነው የሚለው።»

«ስምሽን እኔ አላወጣሁልሽም፣ እትዬ» አልኳት።

«ቢያንስ ጠጪዎቹ ሲመጡ ጋቢ ደርበሽ ውጪ» አለችኝ። ደረብኩላት።

ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። መቀነቴ አንድ ዙር ጨመረ፣ ኋላም ሁለት። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች እያዩኝ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፤ «ባሏን እንዴት ትወደው ነበር፣ ሐዘኑ ጨረሳት» ይላሉ። ባሌን እወደው ነበር፤ በሱ ሐዘን ግን አንድ ጉርሻ አልቀነስኩም። ሰው ያለ ቦታው ሲያመሰግነኝ ዝም ማለቴ ይኸውና ዛሬም ይቆጠቁጠኛል።

በሁዳዴ መጨረሻ አሮጊቷን ብቻዬን አንሥቼ እስከ ደጅ አወጣቸው ጀመር። ፋሲካ እንዳለፈ ተነሣሁ። ከከተማው መውጫ ዘቡ ስንገባ የተሰጠኝን ወረቀት አየና «ይሄ ያንቺ አይደለም፣ ግራሳ ይላል» ብሎ መለሰኝ። ወረቀቱም ክሱም ወደሚታይበት የጣልያን ቢሮ ሄድኩ። ከቢሮው በር የቆመው ያገራችን ልጅ ነው። ወረቀቱን አየ፣ እኔን ከላይ እስከ ታች አየና «ከሳሽ?» አለኝ።

ስንት ወር ሙሉ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። «አዎን፣ በጣም» አልኩት።

«በጣም ከሆነማ ከነዚያ ጋር ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ከራስ በላይ ስትሆን አጠገቤ ያሉ ሽማግሌ «አንቺስ ልጄ፣ ማንን ከሰሽ ነው?» አሉኝ። ዙሪያዬን ባይ ሁሉም የድንበርና የበሬ ክስ የያዘ ነው።

«ማንንም አልከሰስኩም፣ አባቴ። እኔ ከሳሁ ያልኩት ቀጠንኩ ማለቴ ነው።»

ሽማግሌው ቅኔ ቤት ሳይውሉ አልቀሩም፤ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፍነው «እንግዲያማ ከሳሽም ተከሳሽም አንቺው ነሽ፤ ዳኛ ምን ያደርግልሻል?» አሉ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ቃሉን ለራሴ ደጋገምኩት።

ወደ ሹሙ ስገባ አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተርቤ ነው የከሳሁት ካልሽ መንግሥትን መስደብ ነው፤ ታምሜ ነው ካልሽ ከከተማ አትወጪም» አለኝ።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«በገዛ ፈቃዴ በይ።»

«በገዛ ፈቃዴ ነው።»

ተረጎመለት። ካፒታኖው፣ ጣልያኑ ሹም፣ ብዕሩን አስቀምጦ ብዙ ተናገረ። «ሚስቱ አገሩ ላይ ለመክሳት ስንት ዘመኗ ነው፣ አልሆነላትም፤ በምን አደረግሽው? ይላል።»

«ቁጭ ብዬ በመብላት በለው።»

«እንዲህ ብለው ያሾፍሽበት ነው የሚመስለው» አለኝና የራሱን ነገር ነገረው። ካፒታኖው ግራሳ የሚለውን ሰርዞ ማግራ ብሎ ጻፈ፤ ቀጭን ማለት ነው። ለሁለት ቀን ፔርሜሶ፣ የይለፍ ወረቀት፣ ሰጠኝ።

ልጆቼን ለእትዬ ማንጠግቦሽ አደራ ብዬ ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። በቅሎዋን እየሳብኩ ዳገቱን ሁሉ በእግሬ ወጣሁት። አላረፍኩም አልልም፤ ግን ተነሣሁ። ብርዱ ፊቴን ሲመታኝ፣ የገብስ ማሳ ሽታ ሲሸተኝ፣ አልቅሼ ነበር። ቤታችን ግድግዳው ብቻ ቆሟል። አያ ተገኘ ቤት ስደርስ እመይቴ ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ የተገኘ ሚስት ጸጉራቸውን ትሠራለች። ጎረቤቶችም ተሰብስበው ተሳሳምን።

«እሳቸውማ ‹ትተሽኝ ሂጂ አልኳት› እያሉ ሲነግሩን ኖሩ» አለችኝ የተገኘ ሚስት። «‹እምቢ ያልኩ እኔ ነኝ፣ እሷማ ለምናኝ ነበር› ይላሉ።»

እመይቴን አየኋቸው፤ ወደ ማሳው ያያሉ። አያ ተገኘም መሬት መሬት ያያል፤ ልጓሙን የያዘው እሱ ነበር።

ብቻችንን ስንቀር እግራቸው ሥር ተንበርክኬ «ይነሡ እመይቴ፣ ኮርቻው የርስዎ ነው። እኔ በእግሬ ነኝ» አልኳቸው።

ክንዴን ያዙት፣ ወደ ላይ ወደ ታች ዳበሱት። «መንገዱን በእግርሽ ነው የመጣሽው?»

«አዎን።»

«ደግ አደረግሽ።» ቆይተው ደግሞ «ያን ዕለት እመጣ ነበር፣ ሙላቷ። ዛሬ ግን አልመጣም» አሉኝ።

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። በቂም አይደለም። የሰው እጅ መልመድ ቀላል አይምሰልሽ። ሰባት ወር የዚችን ሴት እጅ ስለምድ ኖርኩ፤ ሲያመኝ የት እንደምትይዘኝ ታውቃለች። አሁን ደግሞ ያንቺን እጅ ልልመድ? መቼ አውቀው ነበርና። ልጄም እዚሁ ነው የተቀበረው።»

እውነት ነበር። ሦስት ዓመት በቤቴ ሲተኙ እጄን አያውቁትም። እዚያው አደርኩ። ጠዋት ላጥባቸው ብዬ ተነሣሁ፤ የተገኘ ሚስት ቀድማኝ አጥባቸው ነበር።

ስመለስ መንገደኞች «በቅሎዋ ታማ ነው ያልተቀመጥሽባት?» እያሉ ጠየቁኝ። ደኅና ናት እላለሁ፣ እሄዳለሁ። መቀመጥ አልቻልኩም።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ወደዚያ የሚወጣ ሰው ፔርሜሶ አይሰጠውም። እኔ ጣባዬን አልተውኩም፣ ሩቁን ምንጭም አልተውኩም፤ ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ ግን ያኔ የነበረኝ መልስ አሁን የለኝም። እዚያ ያላችሁ ሰዎች እመይቴ የነገሯችሁን አትመኑ። አልለመንኳቸውም። ይህን ጽሑፍ ቀስ እያልኩ፣ አንድ ገጽ በሳምንት የምጽፈው ይህን ለመናገር ነው።

አያ ተገኘን ግን በቅዳሜ ገበያ አገኘዋለሁ፤ ገብስ ሊሸጥ ይወርዳል፣ እሱን አይከለክሉትም። ከጭነቱ አጠገብ ሄጄ እቆማለሁ።

«እመይቴ እንዴት ናቸው?»

«ደኅና ነኝ በላት አሉ።»

«ሌላስ?»

ገብሱን በእጁ እያገላበጠ ያስባል፤ አንድ ነገር ቢያገኝልኝ እንደሚወድ አውቃለሁ።

«ሌላ አላሉም» ይለኛል።