የጓያው ማሳና ሃያ አራቱ ችካሎች

ሃያ አራተኛውን ችካል መትቼ ቀና ስል... አሥር የሚሆኑ ሰዎች ማሳውን ከበው ቆመዋል።

ቦታው ተፍኪ አጠገብ ነው፣ ከሰበታ ወጣ ብሎ። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ተቃውሞ የተነሣበት ሰሞን ስለነበር መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ያን ቀን ጠዋት ክፍት ነው ሲሉኝ ከሰበታ ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ።

ያኔ የማስተርስ ተማሪ ነበርኩ። የማጠናው ጓያ ውስጥ ያለ አንድ ጂን ነው። ጓያ ለብዙ ጊዜ ብቻውን ሲበላ እግር እንደሚሰብር አገር ያውቃል። መርዙ አንድ አሚኖ አሲድ ነው። ተክሉ ራሱ በኢንዛይም ይሠራዋል። የዚያ ኢንዛይም ጂን ውሃ ሲጠፋ ይበልጥ ይነቃል ወይ... ጥያቄዬ ይቺው ነበረች።

ስለዚህ ግማሹን ተክል ላጠጣ፣ ግማሹን ላስጠማ ወሰንኩ። እንዳይምታታብኝ እያንዳንዱ ተክል አጠገብ ቁጥር ያለው ችካል ተከልኩ። ከሩቅ እንዲታየኝ ደግሞ ጫፋቸውን ቀይ ቀባሁት። በዚያ ሰሞን፣ በዚያ ቦታ፣ ቀይ ችካል ለገበሬ ምን እንደሚመስለው አላሰብኩበትም።

የማሳው ባለቤት ፈቅደውልኝ ነበር። ግን ያን ቀን ለቅሶ ሄደዋል።

«ማል ጎታ?» አለኝ ከፊት የቆመ ወጣት። ምን እየሠራሽ ነው ማለቱ ነው። ሰበታ ስላደግኩ ኦሮምኛ እሰማለሁ፤ ስናገር ግን ይሰባበርብኛል። ጭንቅ ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ ጠፋኝ።

«ተማሪ ነኝ» አልኩ በአማርኛ።

«ተማሪ መሬት ይለካል?»

«መሬት አይደለም። ቅጠል ነው የምሰበስበው።»

ቅጠሉን የማቀዘቅዝበትን ዕቃ ከፍቼ አሳየሁት። ፈሳሽ ናይትሮጅን ስለሆነ ነጭ ጭስ ቡልቅ ብሎ ወጣ። ሁሉም ወደ ኋላ ሸሹ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ያዘች። ሰሞኑን የሚያውቁት ጭስ አስለቃሹን ነው... ክዳኑን ቶሎ መለስኩት። ግን ረፍዷል። ወጣቱ ችካል እየነቀለ ነበር።

የሚገርመው፣ ስለ ራሴ ከማሰብ ይልቅ የትኛው ቁጥር የት እንደነበር በልቤ እየያዝኩ ነበር።

በዚህ መሀል አንድ ሽማግሌ በሁለት ምርኩዝ መጡ። ጉልበታቸው እየተጋጨ፣ በእግራቸው ጣት ነው የሚራመዱት። ኦቦ ድሪባ ይሏቸዋል። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው።

«ቅጠሉ ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ።

«አባባ፣ ጓያ ውስጥ እግር የሚሰብር ነገር አለ። እሱን የሚሠራውን...»

«ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?»

አንዱን ምርኩዝ አንስተው እግራቸውን መታ አደረጉ።

«አንድ ክፉ ዓመት ዝናብ ጠፍቶ ጤፉም ሽምብራውም ቀረ። ክረምቱን ጓያ ብቻ በላን። አንድ ቀን ጠዋት ልነሳ ስል እግሬ እምቢ አለ። በቃ፣ ይኸው ነኝ።» ከዚያ ነጠላ አፍንጫዋ ላይ የያዘችውን ሴት በምርኩዛቸው አመለከቱኝ። «ይቺ ባለቤቴ ናት። የበላነው ከአንድ ድስት ነው። እሷ ደህና ናት። ለምን? ትምህርትሽ ይሄን ይነግረኛል?»

መዋሸት ይቻል ነበር። አሥር ሰው እያየኝ ነው።

«አይነግርዎትም» አልኩ። «እኔ የማጠናው ተክሉን ነው። ሰውን ለምን እንደሚመርጥ አላውቅም።»

ኦቦ ድሪባ ትንሽ አዩኝና ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ልቀቋት። የመሬት ሰው አይደለችም። የመሬት ሰው አላውቅም አይልም።»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ወጣቱ ግን አልሳቀም። «ችካሉ ይነቀላል» አለ። ልክ ነበር። አብረን ነቀልነው። የኦቦ ድሪባ ባለቤት፣ አዴ ወርቄ፣ ቤት ገብተው ሰማያዊና ነጭ ክር ይዘው መጡ። የሚጠጣውን በሰማያዊ፣ የሚጠማውን በነጭ እያልን ግንዱ ላይ አሰርን። ለማወዳደሪያ የመጀመሪያውን ቅጠል ቆርጬ ሄድኩ።

በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ። ሦስት ሳምንት መሄድ አልቻልኩም። ሥራው አለቀለት ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ስመለስ ሰማያዊ ክር ያለው ሁሉ ለምልሟል። ነጩ ጠውልጓል፣ አንዱ እንኳ በስህተት አልጠጣም። አዴ ወርቄ በጆግ እያመላለሱ ሲያጠጡ ከርመዋል። ማንም አልለመናቸውም።

ውጤቱ ሲወጣ ልነግራቸው ሄድኩ። በተጠማው ተክል ጂኑ ይበልጥ ነቅቷል፣ መርዙም ጨምሯል።

«ያን ጂን ማውጣት ይቻላል?» አሉ ኦቦ ድሪባ።

«አንድ ቀን ይቻል ይሆናል። ግን ተክሉ ድርቅ እንዲችል መርዙ ሳያግዘው አይቀርም የሚሉም አሉ። ከወጣ ተክሉም ድርቁን ላይቋቋም ይችላል።»

ወደ እግራቸው አዩ።

«እንግዲያስ ቀስ በሉ» አሉኝ። «ያን ዓመት ጓያውም ባይኖር እኮ ማናችንም አልነበርንም።»

ቴሲሴን ጽፌ ጨረስኩ። ይቺን ንግግር የማስገባበት ምዕራፍ ግን አላገኘሁም።