አያቴ፣ መረንዝና የልብ ኪኒን

ልጅ ሳለሁ አያቴ በሚነግሩኝ ተረት ውስጥ አንበሳ አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ በፍላጻ ተወግቶ ነበር የሚሞተው። አባባ ነበር የምላቸው፤ ቋራ ሳሉ ብረት ቀጥቃጭ ስለነበሩ ለቆላ አዳኞች የፍላጻ ጫፍ ይሠሩ ነበር። ዕብራይስጥ ወደሚነገርበት አገር መጥተው ርሖቮት ከተማ፣ ክርያት ሞሼ ሰፈር ከገቡ በኋላ ግን መዶሻ ጨብጠው አያውቁም። ያኔ አመሻሽ ላይ ከሕንፃችን ሥር ከሰል አያይዘው በቆሎ እየጠበሱልኝ፣ ጭሱ ዓይኔን እያስለቀሰኝ፣ አዳኞቹ መረንዝ የሚባለውን ዛፍ ቀቅለው እንደ ዝፍት ሲወፍር ፍላጻቸውን እንደሚቀቡት ይተርኩልኝ ነበር። «ከጫረው ጎሽም ቢሆን ልቡ ቀጥ ነው የሚል» ይሉኛል። የዚያው ዛፍ ቅጠል በልኩ ተወቅጦ ለቁስል መድኃኒት ይሆናል ሲሉኝ ግን አላምናቸውም ነበር። እሳቸውም እየሳቁ ያረረውን በቆሎ ለራሳቸው ያስቀራሉ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ የአባባ ልብ ደከመ። ክሊኒክ ስንሄድ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ሐኪሟ ኪኒኗ ከመርዘኛ ቅጠል የተገኘች መሆኗን፣ ከልኳ ካለፈች ልብ እንደምታቆም አስጠነቀቀች። እናቴ ጎኔን ጎሸም አድርጋ በተሰባበረ ዕብራይስጥ፣ «መርዝ የምትለዋን ተያት፤ እምቢ ይሉናል» አለችኝ።

«አባባ፣ የጉልበት ኪኒን ናት፤ ጠዋት ጠዋት አንዲት ይዋጡ» አልኳቸው።

«ቤሰደር» አሉ። ከዕብራይስጥ የምትቀናቸው ይህቺው «እሺ» ነበረች።

በሳምንቱ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ለሒሳብ ፈተና ሳጠና መጥተው አጠገቤ አረፉ። ከኮታቸው ኪስ የተጠቀለለ ሶፍት አውጥተው ፈቱና ሁለት ኪኒን መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

«ከራሴ ቀንሼ ያስቀመጥኩልሽ ነው። ሚቭሃኑ ነገ አይደል? ያላ፣ ዋጫት፤ ጉልበት ትሆንሻለች።»

«ዋሽቼዎት ነው አባባ፤ እንደ መረንዝ ናት» አልኩና ማልቀስ ጀመርኩ።

ኪኒኖቹን ከእጄ ነጥቀው አፌን ከፍተው አዩ። ክንዴን ይዘው ወደ ቧንቧው ወሰዱኝና መዳፌን ደጋግመው አጠቡት። ሲረጋጉ ቅር ብሏቸው፣ «ይፈራል ብላችሁ ነው?» አሉ። «መረንዝ ናት ብትይኝ ኖሮ ከልኳ ዝንፍ አልልም ነበር። የሚያውቀውን መርዝ ማን ይንቃል?»

ከዚያ ወዲያ ኪኒኗን አንድም ቀን ሳያዛንፉ ዋጧት፤ ለሠርጌም ደረሱልኝ።

ዛሬ ሄርዝል ጎዳና ላይ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ከዚያ ሁሉ ተረት አብሮኝ የቀረው የአዳኞቹ ጀግንነት አይደለም፤ እንደ ነፍሳቸው የሚወዱኝ ሰው እኔው በነገርኳቸው ውሸት ሊገድሉኝ እንደነበር ነው። ልጆች ወላጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ፣ «ቀለል አድርገሽ ንገሪያቸው» ይሉኛል በዕብራይስጥ። እኔ ግን ከሽማግሌዎቹ ጎን ቁጭ ብዬ፣ ኪኒኗ የምታድነውንም የምትገድለውንም ሳልደብቅ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ልጆቹ አንዳንዴ ይቆጡኛል። ሽማግሌዎቹ ግን ደንግጠው መድኃኒቱን ጥለውብኝ አያውቁም።