ዘበኛው ዛብሎንና የረቡዕ ክፍለ ጊዜው

ዛብሎን ኦኩሙ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ከመሆኑ በፊት እዚሁ ኪሱሙ ከተማ አሥራ ስምንት ዓመት ማታቱ የሚባለው የሕዝብ ሚኒባስ ወያላ ነበር። ድምፁ ከዚያ የተረፈው ነው። ጠዋት በር ላይ ቆሞ «ግቡ!» ሲል እኛ መምህራኑም ሳናስበው እንሮጣለን።

በዚያ ዓመት ልጆቻችን ድብድብ አብዝተው ነበር። የምክር አገልግሎት መምህርታችን ወይዘሮ አዊቲ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዳ መጣችና በየክፍሉ «ስትናደድ እስከ አሥር ቁጠር» የሚል ወረቀት ለጠፈች። ልጆቹ ታዘዙ። ጠብ ሲነሳ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ ይቆጥራል፤ አሥር ሲባል ቡጢው ይጀመራል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ፔርፔቱዋና ሊሊያን የሚባሉ ሁለት ተማሪዎች በሩ አጠገብ ፀጉር ለፀጉር ተያያዙ። ዛብሎን አላቀቃቸውና በሩን ቆለፈው። ሁለቱም ምሳ የሚበሉት ቤታቸው ሄደው ነው።

«እሷን ሆነሽ የደረሰባትን በደል ንገሪኝ» አላት ፔርፔቱዋን። «ያንቺን አይደለም፣ የሷን። እሷ ‹ልክ ነው› እስክትል በሩ አይከፈትም።»

ፔርፔቱዋ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ቀጥሎ ራባት። በመጨረሻም ሊሊያን ክፍል ውስጥ ስታነብ ተንተባትባ እንደነበርና ፔርፔቱዋ ደግሞ እንደሳቀችባት ተናገረች። ሊሊያን «ልክ ነው» አለች። ተራው የሷ ሲሆን ግን ሦስት ጊዜ ሞክራ አቃታት፤ ስለዚህ ፔርፔቱዋን ራሷን ለምን እንደሳቀች ጠየቀቻት። ለካ በመስኮት አንገቷን ያስገባች ፍየል አይታ ኖሯል።

ዛብሎን ይህን የተማረው መኪና ላይ ነው። በመቀመጫ የተጣሉ ተሳፋሪዎች እስኪደርሱ ድረስ ጎን ለጎን መቀመጣቸው አይቀርም፤ ማስታረቁ የወያላው ሥራ ነው። ርዕሰ መምህሩ ወሬውን ሰምቶ ረቡዕ ረቡዕ አንድ ክፍለ ጊዜ ሰጠው። ዛብሎን ክራባት ተዋሰና አስተማረ። ጠቡ ባይጠፋም ቀነሰ።

ከዚያ የወላጆች ስብሰባ ቀን ደረሰ። ወላጆች ሲገቡ ዛብሎን አንዱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረና በሩን አፍንጫው ላይ ዘጋበት። ሰውየው ንያዎሮ ይባላል፤ ዛብሎን ወያላ የነበረበት ማታቱ ሾፌር ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ዛብሎን አሄሮ የምትባል ከተማ ላይ ሻንጣ ሊያወርድ ወርዶ ሳለ ንያዎሮ ጥሎት ሄደ። ዛብሎን ሁለት ኪሎ ሜትር ከኋላ ሮጠ፤ ተሳፋሪዎቹ በኋለኛው መስኮት ያዩት ነበር። ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

ያላወቀው ንያዎሮ የፔርፔቱዋ አባት መሆኑን ነው። ልጅቷ መጣች፤ ከኋላዋም ግማሹ ትምህርት ቤት።

«ጋሼ ዛብሎን፣ እሱን ሆነው የደረሰበትን በደል ይንገሩን» አለችው።

ዛብሎን ዘበኛ ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ። ልጆቹ አልሄዱም። ወላጆች በበሩ ማዶ ተሰልፈው ፀሐይ መታቸው። በመጨረሻ ክራባቱን እያስተካከለ ወጣ።

«እኔ ንያዎሮ ነኝ» ብሎ ጀመረ። «ከተወለድኩ ጀምሮ ክፉ ነኝ።»

«አባባ ‹ልክ ነው› አላለም» አለች ፔርፔቱዋ።

ደግሞ ሞከረ፤ አሁንም ስድብ ሆነበት። ተራው ለንያዎሮ ተሰጠ።

«እኔ ዛብሎን ነኝ» አለ ንያዎሮ። «ሻንጣ ሳወርድ ጥሎኝ ሄደ። በአንድ እግር ጫማ ሮጥኩ። አላየኝም።»

ዛብሎን ቀና አለ። «በአንድ ጫማ መሮጤን በምን አወቅህ?»

ንያዎሮ መሬት መሬት እያየ በመኪናው የኋላ ማሳያ መስታወት ሲሮጥ እንዳየው አመነ። ጥሎት በሄደበት ዕለት ጠዋት ዛብሎን መኪና ሙሉ ሰው ፊት «ይሄ ሰውዬ አህያ እንኳ መንዳት አይችልም» ብሎት ነበር፤ ከተሳፋሪዎቹ መካከል የንያዎሮ አማት ነበረች።

ዛብሎን ስድስት ዓመት ሙሉ ሩጫውን ሲያወራ ያቺን ቃል አንስቷት አያውቅም።

«ብያለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ልክ ነው።»

«እኔም ሆን ብዬ ነው» አለ ንያዎሮ። በሩ ተከፈተ።

አልተቃቀፉም። አሁን ግን አርብ አርብ ንያዎሮ በማታቱው በበሩ ሲያልፍ ዛብሎንን ጋቢና ጭኖት ይሄዳል፤ ስለ ማርሽ አቀያየሩ እየተከራከሩ። አንድ ቀን አብሬያቸው ተሳፍሬ ነበር። ጆሮዬ ስላልቻለ ሁለት ፌርማታ ሲቀረኝ ወረድኩ።